የማይድነውን ማከም እንዴት ትምህርት ሆነ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንደን ውስጥ ሕክምና የሚማር ወጣት ስለ ሞርፊን በዋናነት የሚነገረው ሁለት ነገር ነበር፤ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ መሆኑና ሱስ ማስያዙ። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራው ነበር። በዚህ የተነሣ ካንሰር አጥንቱ ውስጥ የገባ ሰው ሲያቃስት መርፌው ይዘገይበታል፤ ሲሰጠው ለጥቂት ሰዓት ያርፋል፤ ሕመሙ ሲመለስ እንደገና ይለምናል። በመለመኑም ሱሰኛ ይባላል። ራውንድ የሚወጡት ሲኒየሮች እንዲህ ያለው ሕመምተኛ አልጋ ጋ ሲደርሱ ካርዱን ገልበጥ አድርገው ያልፋሉ፤ ተማሪውም “ከዚህ በኋላ የምናደርግለት የለም” የሚለውን ይዞ ይከተላቸዋል። በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ትምህርት ነበር፤ ሁሉም ግን ይማረው ነበር። እንዴት እንደተለወጠ ለማየት ከ1948 መነሣት ይሻላል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ለውጡን የጀመሩት ሴት ያን ጊዜ ሐኪም አልነበሩም። ሲሲሊ ሳውንደርስ በ1918 ከለንደን በስተሰሜን ባርኔት ውስጥ ተወለዱ። ኦክስፎርድ ገብተው ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ትምህርቱን ተዉና በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። የጀርባ ሕመም ነርስነቱን ሲያስተዋቸው የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆኑ። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ በ1948 ዴቪድ ታስማ የተባሉ፣ ከዋርሶ ተሰደው የመጡና በለንደን ዘመድ ያልነበራቸው አይሁዳዊ በካንሰር ሲሞቱ ያስታምሟቸው ነበር። ሁለቱ ደጋግመው የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነበር፤ እንዲህ የታመመ ሰው ከተጨናነቀ የቀዶ ሕክምና ዋርድ የተሻለ የት ሊያርፍ ይችላል? ታስማ ሲሞቱ 500 ፓውንድ ተናዘዙላቸው፤ ለሚሠሩት ቤት መስኮት ይሁን ብለው። ቤቱ ገና ሐሳብ ነበር። ቆሞ እስኪታይ 19 ዓመት ፈጀ።

ሳውንደርስ ማታ ማታ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉበት ሴንት ሉክስ የሚባል ቤትም ነበር፤ ድሆች የመጨረሻ ቀናቸውን የሚያሳልፉበት። እዚያ ነርሶቹ ሞርፊኑን በአፍ፣ ሰዓቱን ጠብቀው፣ ሕመሙ ገና ሳይነሣ ይሰጡ ነበር። ሕመምተኞቹ አይለምኑም፤ ነቅተው ያወራሉ፣ ይበላሉ። በትልልቆቹ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የማይታወቅ ዘዴ እዚህ የዕለት ሥራ ሆኖ ኖሯል። ሳውንደርስ ነርስነቱን በሌሊት ፈረቃ ቀጥለው ለእነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሊሰጡ አሰቡ፤ አብረዋቸው የሚሠሩት ቀዶ ሐኪም ኖርማን ባሬት ግን አይሆንም አሏቸው። ሟቾችን ጥለው የሚሸሹት ሐኪሞች ናቸውና፣ ሐኪም ካልሆንሽ ማንም አይሰማሽም፤ ሄደሽ ሕክምና ተማሪ የሚል ነበር ምክራቸው። ሳውንደርስ በ1951፣ በ33 ዓመታቸው፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። በ1957 ተመረቁ። የባሬት ምክር ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ ግን ያሳዝናል። ዕውቀቱ ነርሶቹ እጅ ላይ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ግን ከሐኪም አፍ ሲሰማው ነው። ይህ ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላም ቦታ ይገጥመናል።

በ1958 አዲሷ ሐኪም በምሥራቅ ለንደን ሃክኒ ወደሚገኘው የሴንት ጆሴፍ ሆስፒስ ሄዱ። ቤቱን የሚያስተዳድሩት አየርላንዳውያን መነኮሳት ነበሩ። የመነኮሳቱ ርኅራኄ ሞልቶ የተረፈ ነው፤ የጎደለው መዝገብ ነበር። ሳውንደርስ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ መጠን፣ ሰዓትና ለውጥ መጻፍ ጀመሩ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ከሺህ በላይ ሕመምተኞችን መዘገቡ። ሞርፊኑ በሰዓቱ ሲሰጥ መጠኑ በየቀኑ እያሻቀበ እንደማይሄድ፣ ለሕመሙ የተሰጠው ሰውም እንደተፈራው ሱሰኛ እንደማይሆን ከመዝገቡ ማሳየት ቻሉ። ሕመምተኞቹን በፈቃዳቸው ፎቶ ያነሡ ነበር፤ ድምፃቸውንም በቴፕ ይቀዱ ነበር። ለሐኪሞችና ለተማሪዎች ንግግር ሲያደርጉ እነዚህን ሥዕሎች ግድግዳ ላይ ያሳያሉ፤ አንዲት ሴት ስትገባ ፊቷ በሕመም የተጨማደደ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ያቺው ሴት አልጋዋ ላይ ቀና ብላ። ቁጥሩ ያላሳመነውን ሥዕሉ ያሳምነዋል።

ከሕመምተኞቹ አንዷ ምን እንደሚያማቸው ሲጠየቁ ከጀርባቸው ጀምረው ስለ ባላቸው፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ብቸኝነታቸው ተናገሩ፤ ሁለመናዬ ነው የታመመው እንደማለት። ሳውንደርስ ከዚህ ተነሥተው በ1964 “ሁለንተናዊ ሕመም” የሚለውን አስተሳሰብ አወጡ፤ ሥጋው፣ ስሜቱ፣ ኑሮውና መንፈሱ አብረው ያማሉ፣ አንዱን ለይቶ ማከም አይበቃም የሚል። ዛሬ ይህን ትምህርት የሚጀምር ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሰዓት የሚሰማው እሱን ነው።

በ1967 ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስ በደቡብ ለንደን፣ ሲደንሃም፣ በ54 አልጋ ተከፈተ። የታስማ መስኮት መግቢያው ላይ ተደረገ። ከዚያ በፊት የነበሩት የሟቾች ቤቶች የሚያስታምሙ ብቻ ነበሩ፤ ይህኛው ሕክምናን፣ ምርምርንና ማስተማርን በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረገ ነው። ሐኪሞች፣ ነርሶችና የሕክምና ተማሪዎች ከሌሎች አገሮችም ጭምር እየመጡ ያዩት ነበር።

በዚያው ዘመን ከአትላንቲክ ማዶ ሌላ መምህርት በሌላ በር ገብተዋል። ኤልዛቤት ኩብለር-ሮስ በ1926 ዙሪክ የተወለዱ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። አሜሪካ እንደመጡ ዴንቨር ውስጥ ለሕክምና ተማሪዎች አንድ ንግግር እንዲያደርጉ ተመደቡ፤ ርዕሳቸውን ሞት አደረጉት። ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው እንደተረኩት፣ በንግግሩ መሐል የ16 ዓመት የሉኪሚያ ሕመምተኛ ልጅ ወደ መድረኩ አምጥተው ተማሪዎቹ እንዲጠይቋት ጋበዙ። ተማሪዎቹ የጠየቁት ስለ ደም ምርመራዋና ስለ ጉበቷ ነበር። ልጅቷ ተናደደች፤ ራሷ ጥያቄውን ወስዳ ራሷ መለሰች። ትልቅ ሰው ሆኖ ማደግን ማለም አለመቻል ምን እንደሚመስል፣ ሰዎች ለምን እውነቱን እንደሚደብቋት ነገረቻቸው። አዳራሹ ሲበተን ያለቀሱ ተማሪዎች ነበሩ።

ኩብለር-ሮስ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከተሻገሩ በኋላ፣ በ1965፣ አራት የነገረ መለኮት ተማሪዎች ሞትን እንዴት እናጥና ብለው መጡባቸው። መልሳቸው ቀላል ነበር፤ የሚሞቱትን እንጠይቅ። ሕመምተኛ ፍለጋ ዋርድ ለዋርድ ሲዞሩ ግን አንድም የሚሞት ሰው አላገኙም፤ ስድስት መቶ አልጋ ባለው ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞቹ ሁሉ እኔ ጋ የሚሞት የለም አሉ። አንዳንዱ ደክሟል አለ፣ አንዳንዱ ማውራት አይፈልግም አለ፣ ሌላው ተቆጣ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተገኙ፤ ሊነግሯቸው ዝግጁ ነበሩ፣ አሁኑኑ ተቀመጪ አሉ። ኩብለር-ሮስ ነገ ከተማሪዎቼ ጋር እመጣለሁ ብለው ሄዱ። በነጋታው ሽማግሌው ትንፋሽ አጥሯቸው ጥቂት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ ሰዓት ሳይሞላ አረፉ። መምህርቷ ይህን ታሪክ መጽሐፋቸው ውስጥ ሳይሸፋፍኑ አስቀምጠውታል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። ሕመምተኛውና ኩብለር-ሮስ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ይቀመጣሉ፤ ተማሪዎቹ በሌላው በኩል ሆነው ያያሉ፣ ይሰማሉ። ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ ውይይት ይሆናል፤ ስለ ሕመምተኛው ብቻ ሳይወሰን ተማሪው ራሱ ሲሰማ ምን እንደተሰማውም ይነገራል። የነገረ መለኮት፣ የሕክምና፣ የነርስና የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ ሴሚናሩም በኋላ በመደበኛ ኮርስነት ታወቀ። በ1969 መጽሐፋቸው ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይፍ መጽሔት ስለ ሴሚናሩ ሲጽፍ አገር አወቃቸው። ሆስፒታሉ ግን ዝናውን አልወደደውም። በማዳን እንጂ በሚሞቱ ሰዎች መታወቅ አልፈለገም።

መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ ተነበበ፤ የሚሞት ሰው ያልፍባቸዋል ያሏቸው አምስቱ ደረጃዎች፣ ከመካድ እስከ መቀበል፣ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ ገቡ። እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ከመስታወቱ ጀርባ የነበረው ትምህርት ዝም ብሎ መስማት ነበር፤ ወደ መማሪያ ክፍል የገባው ግን ለፈተና የሚሸመደድ የአምስት ነገር ዝርዝር ነው። ሕመምተኛው ሲቆጣ “ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው” ብሎ የሚያልፍ ተማሪ፣ ካርድ ገልብጦ ከሚያልፈው ሲኒየር ብዙም አልራቀም። ደግሞም የቺካጎው ክፍል መስማትን ሲያስተምር ሕመሙን በምን እንደሚያስታግሱት አላስተማረም። ያ የለንደኑ ድርሻ ነበር።

ለንደን ውስጥ የቀረው ጥያቄ የኬሚስትሪ ነበር። ሴንት ክሪስቶፈር በብዛት የሚጠቀመው ሄሮይንን ነበር፤ በእንግሊዝ በሐኪም ትእዛዝ የተፈቀደ፣ በአብዛኛው ዓለም ግን የተከለከለ። ያለ ሄሮይን የማይሠራ ዘዴ ለሌላው አገር ተማሪ ምን ያደርግለታል? በተማሪነታቸው የሳውንደርስን ንግግር የሰሙት ሮበርት ትዋይክሮስ በ1971 ተመራማሪ ሆነው ሆስፒሱ ገቡ። ሁለቱን መድኃኒቶች በሕመምተኞች ላይ እያነጻጸሩ አጥንተው በ1977 ያወጡት ውጤት፣ በአፍና በሰዓቱ ከተሰጠ ተራው ሞርፊን ከሄሮይን የሚያንስበት ቁም ነገር እንደሌለ አሳየ። ይህ ጥናት የሳውንደርስን ሥራ ያህል አይወራለትም፤ ግን ትምህርቱ ድንበር እንዲሻገር ያስቻለው እሱ ይመስለኛል።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። በ1975 ሞንትሪያል ውስጥ የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪሙ ባልፎር ማውንት በሮያል ቪክቶሪያ ሆስፒታል ክፍል ከፈቱ፤ ዓለም ዛሬ የሚጠቀምበትን ፓሊየቲቭ ኬር የሚለውን ስያሜ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። በ1986 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያውን አወጣ፤ በአፍ፣ በሰዓቱ፣ በደረጃው የሚለው የሦስት ደረጃ መሰላል ከዚያ የመጣ ነው፤ የመጨረሻው እርከን ላይ ሞርፊን ተቀመጠ። በ1987 እንግሊዝ ሙያውን ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ አድርጋ አወቀችው።

በ1992 የወጡ ሁለት ጽሑፎች ግን ቆም የሚያሰኙ ናቸው። አንደኛው የካናዳው የካንሰር ሐኪም ሮበርት በክማን ክፉ ዜናን ስለመንገር የጻፉት መጽሐፍ ነው። ሕመምተኛው ምን ያህል እንደሚያውቅ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከዚያ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ ከዚያ መናገር፤ ከዚህ የበቀለው ባለ ስድስት እርምጃ ዘዴ በ2000 ታትሞ በየአገሩ የሕክምና ተማሪ ልምምድ ሆነ። ሁለተኛው በካሊፎርኒያ ተመራማሪ የነበሩት የኢትዮጵያዊቷ የውብዳር በየነ ጽሑፍ ነው፤ አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የማይድን ሕመምን ዜና እንዴት እንደሚቀበሉ የሚመረምር። የአሜሪካ ሐኪም ሕግና ሥነ ምግባሩ እንደሚያዘው ሕመምተኛውን ለብቻው አስቀምጦ በቀጥታ ይነግረዋል። ለእኛ ሰው ይህ ጭካኔ ነው። የውብዳር ለሐኪሞቹ ያስረዱት፣ በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንዲህ ያለ ዜና አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ እንደሚነገር፣ ጊዜና ቦታው እንደሚመረጥለት ነው። መርዶ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለማመን ጥናት አያሻውም፤ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ፣ ብቻውን ሳይሆን። እንግዲህ ሁለቱ ጽሑፎች ይጣላሉ ወይ? በክማን ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ፣ ማንስ አብሮህ ይሁን ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው በቅንነት ከተጠየቀ “ለወንድሜ ንገሩት” የሚለውም መልስ ቦታ አለው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1993፣ አን ሜሪማን የሚባሉ የ58 ዓመት ሐኪም ለሦስት ወር የሚበቃ ገንዘብ ይዘው ካምፓላ ገቡ። ሜሪማን የሊቨርፑል ተወላጅ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው የአየርላንድ የሕክምና ሚሲዮናውያን ማኅበር ገብተው ደብሊን ውስጥ ሕክምና ተማሩ፤ በናይጄሪያ ለዓመታት ሠሩ፤ ኋላ ማኅበሩን ትተው በእርጅና ሕክምና ላይ ተሰማሩ። በ1980ዎቹ ሲንጋፖር ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ የካንሰር ሕመምተኞች ከሆስፒታል ተሰናብተው ቤታቸው ውስጥ በስቃይ ሲሞቱ አዩ። ፋርማሲስቶቹን አነጋገሩ፤ ከሞርፊን ዱቄት የሚበጠበጥ፣ ርካሽ፣ በጠርሙስ የሚሰጥ ፈሳሽ ሠሩ። በ1990 ናይሮቢ ሆስፒስ ሲከፈት የመጀመሪያዋ የሕክምና ዳይሬክተር ሆኑ። ከናይሮቢ ሆነው ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተመሳሳይ ነገር እየጠየቁ መሆኑን ሲያዩ ለአህጉሩ አርአያ የሚሆን አንድ ቤት ፍለጋ ጀመሩ።

ኡጋንዳን የመረጡበት ምክንያት ብልህነት የተሞላበት ነው። መንግሥት የሞርፊን ዱቄት እንዲገባ ካልፈቀደ አልጀምርም ብለው ነበር፤ የጤና ሚኒስትሩ ፈቀዱ። መድኃኒት በሌለበት ስለ ሕመም ማስታገስ የሚሰጥ ትምህርት ተማሪውን ምን ያስተምረዋል? ሕመሙን በትክክል መለካት ይማራል፣ ከአሥር ስንት ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ ፓራሲታሞል ያዝዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይህ ከደረሰበት በኋላ መጠየቁን ይተዋል፤ መልሱን ምንም ሊያደርገው አይችልማ። የለንደኑ ተማሪ መድኃኒቱ እያለ በፍርሃት ፊቱን ያዞር ነበር፤ የእኛው በማጣት ያዞራል።

ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ የጀመረው በንሳምብያ ሆስፒታል ግቢ ከተዋሷት ትንሽ ቤት ነው፤ በኋላ ማኪንዲዬ ኮረብታ ላይ የራሱን ቦታ አገኘ። ሞርፊኑ ዱቄት፣ ውሃ፣ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ማቆያና ቀለም ነው። ደካማው አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቀይ፣ ብርቱው ሰማያዊ፤ ማንበብ የማይችል አስታማሚ እንዳይሳሳት። ባለሙያዎቹ ሲያዘጋጁ ሻይ ከማፍላት ይቀላል እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ መያዣውም የማዕድን ውሃ የተጠጣበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ታጥቦ ነበር።

ሜሪማን የመጡት ለማከም ያህል ለማስተማርም ነበር። አንድ ቤት ካምፓላ ውስጥ ስንቱን ያስታምማል? ኡጋንዳ በኤችአይቪ መከራዋ ውስጥ ነበረች፤ ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ከቫይረሱ ጋር ተያይዞ ወጣቱን ይፈጅ ነበር፤ የማሕፀን በር ካንሰር ያለባቸው ሴቶች የሚመጡት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ገና ሲጀምሩ በ1924 የተመሠረተውን የማኬሬሬ የሕክምና ትምህርት ቤት በር አንኳኩ። ይህ ተራ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ዴኒስ በርኪት ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሕፃናት መንጋጋ ካንሰር በ1958 የገለጹት በማስተማሪያ ሆስፒታሉ በሙላጎ ሲሠሩ ነው። ይህን ካንሰር ለዓለም ያስተዋወቀ ትምህርት ቤት ካንሰር ያለበትን ሰው እስከ መጨረሻው ማስታመምን ለማስተማር እሺ አለ። የምባራራው ዩኒቨርሲቲም ተከተለ።

በንግግር ብቻ አልቀረም። ተማሪዎቹ ከሆስፒሱ ነርስ ጋር በመኪና ወደ ሕመምተኛው ቤት ይሄዳሉ። ዋርድ ውስጥ አልጋ ቁጥር የነበረው ሰው እዚያ አባት ነው፣ ባለ ዕዳ ነው፣ የልጅ ልጅ አሳዳጊ አያት ነው። ተማሪው የሳውንደርስን ሁለንተናዊ ሕመም በቃሉ ሳይሸመድደው ያየዋል። የሚማረውም የማይናቅ ሙያ ነው። ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል፤ ማታ እጥፍ ይደረጋል፣ ሕመምተኛው ሌሊቱን ሳይቀሰቀስ እንዲተኛ። ሞርፊን ሆድ ያደርቃልና ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል፤ መግዣ ለሌለው የፓፓያ ዘር ደርቆ፣ ተፈጭቶ ይሰጣል። የፈነዳ የጡት ካንሰር ሽታ ሴትዮዋን ከጎረቤት፣ አንዳንዴም ከገዛ ልጆቿ ይለያታል፤ ሜትሮኒዳዞል እንክብል ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ ሲነሰነስ ሽታው ይጠፋል። ቤተሰቡ እንደገና አጠገቧ ይቀመጣል። እዚያ የቆመ የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ሕክምና ማዳን ብቻ ነው የሚለውን ሐሳብ የሚከልስበት ሰዓት ካለ ያ ነው። ሳንቲም የሚያወጣ መድኃኒት ነው ያየው።

በ2004 ኡጋንዳ ሌላ እርምጃ ሄደች። ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ተፈቀደላቸው፤ ሥልጠናው ዘጠኝ ወር ነበር። ሐኪም በሌለበት ወረዳ ማንም ሊያዝዘው የማይችል መድኃኒት ከሌለ አይሻልም ነበር። ኖርማን ባሬት በ1951 ለሳውንደርስ ነርስን ማንም አይሰማም ካሉ ከሃምሳ ሦስት ዓመት በኋላ ነርሷ ራሷ ፈረመች። ሐኪሞቹ ደስ አላቸው ማለት አይደለም፤ ካርታው ግን ክርክሩን ፈረደው፤ ኡጋንዳ ገጠር ነች።

የተማሪው ነገር የበለጸጉት አገሮች ሁሉ ቀድመው የሠሩት እንዳይመስለን አንድ ነገር እዚህ ልጨምር። ጀርመን የማስታገሻ ሕክምናን (ፓሊየቲቭ ኬርን) ለሕክምና ተማሪዎች ሁሉ ግዴታ ያደረገችው በ2009 ሕግ ነው። ያን ጊዜ ማኬሬሬ ይህን ማስተማር ከጀመረ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ሙላጎ ውስጥ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ራሱን የቻለ የማስታገሻ ሕክምና ክፍል ይሠራል፤ ተማሪው ልዩ ጉብኝት ሳይጠብቅ በየዕለቱ ራውንድ የሚያየው ክፍል።

ይህ ሕክምና ወደ አገራችን የመጣው በዚያው መንገድ፣ ደግሞም በነርስ እጅ ነው። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን አዲስ አበባ ውስጥ መሠረቱ። ዘመኑ የኤችአይቪ ነበር፤ አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው የታመመ አባላቸውን ቤት ለቤት ማስታመም የጀመሩበት። የጤና ሚኒስቴር ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ በ2016 ወጣ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 2014፣ የዓለም ጤና ጉባኤ አባል አገሮች ይህን ትምህርት ከመጀመሪያ ዲግሪ አንሥተው በጤና ሥልጠናቸው ውስጥ እንዲያስገቡ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፎ ነበር።

ውሳኔውና ጠርሙሱ ግን እኩል አልተራመዱም። በ2017 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ሒሳቡን አወጣው፤ በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሞርፊን አቻ መድኃኒት ውስጥ ድሆቹ አገሮች የሚደርሳቸው 0.1 ቶን ነበር። በሌላው ጫፍ አሜሪካ ውስጥ ይኸው ዓይነት መድኃኒት በከንቱ ታዝዞ ሺዎችን በሱስ ገደለ፤ የዚያ ዜና አዲስ አበባም ናይሮቢም ሲደርስ የድሮውን የለንደን ፍርሃት እንደገና ቀሰቀሰው። ተማሪው ስልኩ ላይ የሚያነበው ስለ አሜሪካ ነው፤ ፊቱ ያለው ሕመምተኛ ግን ሌላ ነው። አስተማሪው ሁለቱን ለይቶ ማስረዳት አለበት፤ ሱስን በሩቁ ከመፍራት ይልቅ ሕመምተኛውን ከሱስ የሚጠብቀው መጠንን፣ ሰዓትንና ክትትልን ማወቅ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ከመድኃኒቱ በፊት የሚመጣ ነገር አለ። ነርሷና ተማሪው ለጉብኝት የሕመምተኛዋ ቤት ሲደርሱ ልጅየው በር ላይ ያስቆማቸዋል፤ “እማዬ ምን እንደያዛት አታውቅም፤ አደራ እንዳትነግሯት” ይላል። ክፍል ውስጥ የተማረው ተማሪ ሁለት ነገር ይመጣበታል፤ ወይ የሕመምተኛዋን መብት ጠቅሶ መከራከር፣ ወይ እሺ ብሎ አብሮ መዋሸት። ልምድ ያላት ነርስ ሁለቱንም አታደርግም። ልጁን ስለ እናቱ ምን እንደሚያስፈራው ትጠይቀውና እስኪጨርስ ትሰማዋለች። ከዚያ ገብታ፣ ተቀምጣ፣ የቀረበላትን ቡና ተቀብላ ሴትዮዋን “እማማ፣ ሕመምዎን ምን ይመስልዎታል?” ብላ ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ እማማ ያውቃሉ። የማያውቀው ልጃቸው ነው፤ እሳቸው ማወቃቸውን።